ላም አለኝ በሰማይ
ፕላዝማው፣ ካሜራውና የደቡብ ኦሞ ተማሪ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ የለም። እኔ ግን ላሟን በዓይኔ አይቻታለሁ ብል ማን ያምነኛል? ያየኋት ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። መልኳ ጥቁር፣ ጎኗ ጠፍጣፋ ነበር። የምታድረው በቁልፍ በሚዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ወተቷ ከሳተላይት ይወርዳል ስለተባልን፣ ደወል ሲደወል ከስልሳ የማናንስ ተማሪዎች አንገታችንን አስግገን እንጠብቃታለን። ስሟ ፕላዝማ ይባላል።

የዛሬው ሒሴ በዚህች ላም ላይ ነው። «የግጥምና የልብ ወለድ ሒስ ማንበብ ለምደን፣ የትምህርት ቴሌቪዥን ደግሞ ምኑ ይሔሳል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ከተሜም ሆነ ባላገር፣ ሁለተኛ ደረጃ የረገጠ ሁሉ፣ የፕላዝማውን ትምህርት ያህል ለብዙ ሰዓት፣ ያውም በግዴታ፣ የተመለከተው ድርሰት ያለ አይመስለኝም። ደራሲ አለው፤ ተራኪ አለው፤ የራሱ ቋንቋና የራሱ የጊዜ አያያዝ አለው። የትምህርት ባለሙያዎች በሰፊው ጽፈውበታል። ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጌትነት ቢተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሟቸው ጥናቶች ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። እነሱ የመዘኑት እንደ ማስተማሪያ ዘዴ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ተመልካች፣ ያውም ከኋላ ወንበር እንደ ተቀመጠ ተመልካች፣ ልመዝነው።

ከሬዲዮ እስከ ሳተላይት

ድምፅንና ምስልን ለትምህርት ማዋል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝግጅት ማሰራጨት ጀምሮ ነበር። ሬዲዮማ የብዙዎቻችን ታላላቆች መምህር ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሬዲዮ አግዞታል። ከእነዚያ 15 ቋንቋዎች መካከል ግን አንድም የደቡብ ኦሞ ቋንቋ አልነበረም። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ እመለስባታለሁ።

የሬዲዮው ትምህርት አንድ በጎ ጠባይ ነበረው። ቦታውን ያውቅ ነበር። መምህሩ አስቀድሞ ተማሪዎቹን ያዘጋጃል፤ ሬዲዮው ለአጭር ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያ መምህሩ ይቀበልና ያብራራል፣ ይጠይቃል፣ ይደግማል። ሬዲዮው ረዳት ነው እንጂ ዋና አይደለም። ሬዲዮው ባይሠራ ወይም የድንጋዩ ኃይል ቢያልቅ ትምህርቱ ይጎዳል፤ አይቀርም።

ፕላዝማው ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሥነ ዜጋ በዚሁ መስኮት መጡ። ትምህርቶቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጹ ነበሩ። አስተማሪዎቹም የዚያው አገር አነጋገር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አርባ ደቂቃ ግድም በሚሆነው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሰላሳ ያህሉ የስክሪኑ ነው። የክፍሉ መምህር ድርሻ መግቢያና መውጫ ላይ የተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ የተነሡበትን ምክንያት ልናገር። ብቁ መምህር በአገሩ ሁሉ አልነበረም። በተለይ የሳይንስና የሒሳብ መምህር እንደ ጂንካ ወዳለ፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቅ ከተማ በፈቃዱ አይሄድም፤ ቢሄድም አይቆይም። ስለዚህ አንድ ጥሩ መምህር አዲስ አበባም፣ ጎዴም፣ ጂንካም በአንድ ሰዓት ቢገኝ ፍትሕ ይሆናል የሚል አሳብ ነው። አሳቡ ቅን ነው። እኔም የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም፤ ያተረፍኩት አለ። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአቧራና ከተሰበረ ብልቃጥ በቀር ብዙ ነገር አልነበረም። ሶዲየም ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚንጫጫ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ሕዋስ ሲከፈል፣ ልብ ደም ስትረጭ፣ ፕላኔቶች ሲዞሩ ያየሁትም በፕላዝማ ነው። ይህን የሚያህል ምስል በጠመኔ አይሣልም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው?

የማይቆም ተራኪ

አንድ ተረት የሚያወራ ሽማግሌ አስቡ። ልጆቹ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ፊታቸውን እያየ ነው የሚተርከው። ሲፈሩ ዝግ ይላል፤ ሲሰለቹ ቀልድ ይጨምራል፤ አንዱ «ለምን?» ሲለው ያቆማል። የተራኪነት ጥበብ ግማሹ ይኸው ነው፤ የአድማጭን ፊት ማንበብ።

የፕላዝማው ተራኪ ፊታችንን አያየንም። ጥያቄ ይሰጠናል። በስክሪኑ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ስልሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ። በስልሳ ሰከንድ ውስጥ ጥያቄውን ማንበብ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከአማርኛ ወደ አሪኛ ወይም ወደ ሐመርኛ መመለስ፣ ከዚያ ማሰብ፣ ከዚያ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መጻፍ አለብን። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ እኛ የጥያቄውን ሁለተኛ መስመር እየገለበጥን ነው። ያኔ ተራኪዋ ፈገግ ብላ በጣም ጥሩ መሥራታችንን ትነግረናለች። ማንን ነው የምታመሰግነው? በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር መልሱን ያወቀ አልነበረም።

ይህ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መምህር ሲቆጣ ቢያንስ እንዳልገባህ አውቋል ማለት ነው። ሳይገባህ የሚያመሰግንህ ግን መኖርህንም አላወቀ። ከእኛ መካከል ሰነፍ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ጎበዙም ሰነፉም እኩል ዝም ያለበት ክፍል ምን ዓይነት ክፍል ነው? መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢመለስ ትምህርቱ አይመለስም፤ ሳተላይቱ እኛን አይጠብቅም። ያመለጠው ምዕራፍ እንዳመለጠ ይቀራል። በማግስቱ ተራኪዋ ትናንት ያየነውን እንድናስታውስ ትጠይቀናለች፤ እኛ ግን ትናንት ያየነው ጥቁር መስተዋትና በእሱ ውስጥ የገዛ ፊታችንን ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የክፍሉ መምህር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የፊዚክስ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ሥራው መክፈትና መዝጋት ሆነ። ተማሪዎች «ኦፕሬተር» የሚል ስም አወጡለት። ልጅ ሆነን ስንስቅበት ኖረናል። ዛሬ ሳስበው፣ ከፕላዝማው ጉዳት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ተማሪ የሚንቀውን መምህር መስማት ያቆማልና።

ጓደኛዬና የብርሃን ቀለማት

አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ከቆላው፣ ከከብት አርቢ ቤተሰብ የመጣ ነው። ከቤተሰቡ አንደኛ ደረጃን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ስንወጣ ሻጩን በሦስት ቋንቋ ሲከራከር እሰማው ነበር። ልጁ ቋንቋ አያንሰውም። ክፍል ሲገባ ግን ዲዳ ይሆናል።

አሥረኛ ክፍል ስለ ብርሃን ተማርን። ተራኪዋ ነጭ ብርሃንን በመስተዋት ፕሪዝም ውስጥ አሳልፋ በቀለማት ስትበትነው አሳየችን። ምስሉ እጅግ ያማረ ነበር። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህቺኛዋን ቀለም ምን አለቻት?» አለኝ። እኔም አልሰማሁም። ዝም አልኩት። እሱም ዝም አለ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። ዴቪድ ተርተን የሚባለው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ስለ ሙርሲዎች የቀለም አጠራር እ.ኤ.አ. በ1980 የጻፈው ነው። ሙርሲዎች ቀለምን የሚጠሩት ከከብት መልክ ተነሥተው ነው ይላል። ማለትም አንድ የሙርሲ ልጅ የቀለምን ዓለም የሚከፋፍለው በበረቱ ውስጥ ባሉት ከብቶች ቆዳ ነው። ይህን ሳነብ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። እሱ ሙርሲ አልነበረም፤ ቢሆንም እሱም የከብት ልጅ ነው። አንድ በሬ ሲያይ እኔ «ቡናማ» ብዬ በማልፈው መልክ ውስጥ ስንት ዓይነት መልክ እንደሚለይ አውቃለሁ። ስለ ቀለም የሚናገር ትምህርት በዚያ ክፍል ሲሰጥ፣ ከሁላችን በላይ ባለ ዕውቀት የነበረው እሱ ነው። የጠየቀው ግን አልነበረም። ከደቡብ አፍሪካ ስቱዲዮ ሆኖ ሊጠይቀው የሚችልም አልነበረም።

ጓደኛዬ አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀረ። ፕላዝማው አስወጣው ብል ውሸት ይሆናል። ድህነት አለ፤ ርቀት አለ፤ ከብት ጠባቂ የሚያጣ አባት አለ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር በክፍሉ ውስጥ አላገኘም።

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ እንዳይመስል ስለ አካባቢው ጥቂት ልጨምር። አሪኛና ሐመርኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ይመደባሉ፤ ዳሰነችኛ፣ ኤርቦርኛና ፀማይኛ ከኩሻዊ፤ ሙርሲኛና ኛንጋቶምኛ ከናይሎ ሰሃራዊ። አማርኛን ከሴማዊው ስንጨምርበት፣ በአገራችን ያሉት አራቱም የቋንቋ ነገዶች ጂንካ ገበያ ላይ በአንድ ቀን ይሰማሉ። እንዲህ ያለ አካባቢ በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። በዚህ ድልድይ ላይ ልጁን እጁን ይዞ የሚያሻግር የነበረው መምህሩ ነው፤ «ይህ ማለት እንዲህ ማለት ነው» የሚለው ሰው። ፕላዝማው የወሰደው ያንን ሰው ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ቴሌቪዥንን ወደ ክፍል ያስገባን እኛ ብቻ አይደለንም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የአሜሪካ ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ1964 ዋናውን ትምህርት ለቴሌቪዥን አስረክባ ነበር። ምክንያቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ብቁ መምህር የለም። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ መምህራኑና ከፍ ያሉት ተማሪዎች ቴሌቪዥኑ ይቀነስልን አሉ፤ ተቀነሰም።

ሜክሲኮ በ1968 ለገጠር ልጆች «ቴሌሴኩንዳሪያ» የሚባለውን ጀመረች። ይህኛው እስከ ዛሬ አለ። ለምን ዘለቀ? በእኔ ግምት ምሥጢሩ ከመጠኑ ነው። ሥርጭቱ ሩብ ሰዓት ግድም ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ የመጽሐፉና በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ነው። መምህሩ ያለ ሥራ አልቀረም፤ እንዲያውም ሁሉንም የትምህርት ዓይነት የሚይዘው እሱ ነው።

ሕንድ ደግሞ ከ1975 እስከ 1976 ለአንድ ዓመት ከአሜሪካ በተዋሰችው ሳተላይት አማካይነት ለ2,400 መንደሮች ትምህርታዊ ዝግጅት አሰራጨች። ሳተላይቱ የባዕድ ነበር፤ ድምፁ ግን የባዕድ አልነበረም። በሒንዲ፣ በኦሪያ፣ በቴሉጉና በካናዳ ቋንቋዎች ነበር የሚናገረው። ዛሬ እንኳ ለእኛ የሚያስተምር ነገር አለው። መሣሪያውን ከውጭ መዋስ አያሳፍርም፤ አፍን ጭምር መዋስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኦሞን የሚያየው ካሜራ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህ ሒስ ስለ ደቡብ ኦሞ ባይሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ደቡብ ኦሞ ምስል ያነሰው አገር አይደለም። ምናልባት በኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ አገር ካሜራ እንደ እሱ የተመላለሰበት ሥፍራ የለም።

የብሪታንያው ግራናዳ ቴሌቪዥን ስለ ሙርሲዎች የሠራውን የመጀመሪያ ፊልም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከር ሐመሮች ከብት የሚዘልሉበትን ሥርዓት ቀርጾ በ1979 ፊልም አወጣ። ባለቤቱ ጂን ላይዳል ከጆአና ሄድ ጋር ሆና ስለ ሐመር ሴቶች ለቢቢሲ ሦስት ፊልሞች ሠራች፤ ከ1990 እስከ 1994 ባለው ጊዜ። በ2001 ደግሞ ከልጇ ከካይራ ጋር አራተኛ አከለች፤ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ያመጣባት የአንዲት ሐመር ሴት ታሪክ ነው። እነዚህ ፊልሞች በሥነ ሰብእ ትምህርት ውስጥ የታወቁ ናቸው። ለንደን ወይም በርሊን ያለ ተማሪ ስለ ሐመር ጋብቻ በክፍሉ ተቀምጦ ሊያይ ይችላል። በፊልሞቹ ውስጥ ሴቶቹ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ባሎቻቸውን ያማሉ፤ ትርጉሙ ከታች ይጻፋል። ማንም እንግሊዝኛ እንዲናገሩ አላስገደዳቸውም።

አንባቢ ይህን አጋጣሚ ልብ ይበልልኝ። በለንደን ክፍል ውስጥ የሐመር ሰው በሐመርኛ ይናገራል። በደቡብ ኦሞ ክፍል ውስጥ ግን የሐመር ልጅ ሰባት አገር አቋርጦ በመጣ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይማራል። የኦሞ ምስል ይሄዳል፤ የሌላው ምስል ይመጣል። ሁለቱ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም።

ቱሪስቱም አለ። በከንፈር ሸክላ ያጌጠች ሴት ፊት ቆሞ በፎቶ ሒሳብ የሚከራከር መንገደኛ ያላየ የጂንካ ልጅ የለም። ያው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን የፎቶ አንሺና የተነሺ ግንኙነት በተመለከተ ጽፏል፤ ሙርሲዎች በዚያ ግንኙነት ውስጥ የሚሰማቸውን መናቅ ጭምር። እንግዲህ የእኛ ልጅ ካሜራን የሚያውቀው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው እንደ እንግዳ ፍጡር የሚያየው፣ ሁለተኛው ፈጽሞ የማያየው። የመጀመሪያው የቱሪስቱ ነው፤ ሁለተኛው የፕላዝማው።

ሦስተኛ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ አለ። ሙርሲ ነው። ካሜራ አንሥቶ የራሱን ሕዝብ ኑሮ ቀርጾ፣ ከቤን ያንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልም አወጣ። ጠመንጃ በሚያነግቡ ሰዎች መካከል እሱ ካሜራ አነገበ። ይህ ሰው ለእኔ ከማናቸውም የትምህርት ሰነድ በላይ መልስ ይሰጣል። የኦሞ ልጅ በካሜራው ፊት መቆም ብቻ ሳይሆን ከኋላውም መቆም ይችላል ማለት ነውና።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ኪቢሽ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል «ኦሞ አንድ» ይባላል። በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ነው ተባለ፤ በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ230,000 ዓመት አያንስም አለ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሰው ዘር አመጣጥን ለደቡብ ኦሞ ተማሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል? አንድ የኛንጋቶም ሽማግሌ በኪቢሽ ሜዳ ቆሞ በራሱ ቋንቋ ስለ ሥፍራው ሲናገር፣ ከዚያ አንድ ተመራማሪ ስለ አጥንቱ ሲያስረዳ፣ ከዚያ የክፍሉ መምህር ቪዲዮውን አቁሞ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሲል። እኔ ቪዲዮ ለትምህርት የምለው ይህንን ነው።

መልሰን እንዳንገዛው

«ያለፈ ነገር ለምን ታነሣለህ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ የፕላዝማ ስክሪኖች ዛሬ አይሠሩም፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተለውጧል። የማነሣው ግን ነገሩ ስም ለውጦ ስለሚመጣ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ «በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተማሩ» ተባለ። መብራትም ሬዲዮም ለሌለው የአርብቶ አደር ልጅ ይህ ምን ማለት እንደነበር መናገር አያሻም። በዚያው ዓመት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚለው ስትራቴጂ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ታብሌትና ዘመናዊ ሰሌዳ የሚሉ ቃላት በየስብሰባው ይሰማሉ። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ውድቀት በፕላዝማ ላይ ማላከክ ግፍ ነው። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ስክሪን ስንገዛ መምህሩን ረስተነው እንደነበር አይመሰክርምን?

ባለፈው ዓመት ጂንካ ሄጄ ነበር። የድሮ የፊዚክስ መምህሬን አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ስለ እሳቸው ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን፣ ያ የብርሃን ትምህርት ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ይመስለኛል፣ የፕላዝማውን ድምፅ ጨርሰው ቀነሱት። ምስሉ ብቻ ቀረ። ከዚያ በምስሉ ላይ እየጠቆሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ አስረዱን። አሪኛ የሚችለውን ልጅ አስነሥተው ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ አደረጉት። ክፍሉ ተንጫጫ። በዚያ ዓመት እንዲህ ስንጮህ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ለጥቂት ሳምንት እንዲሁ ቀጠሉ፤ በኋላ ድምፁ ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ያኔ ድምፁን ለምን እንደገና ከፈቱት?» አልኳቸው፣ ቡና እየጠጣን።

«ከሥርዓቱ ወጣህ ተባልኩ፤ እኔም የልጆች አባት ነኝ» አሉና ሳቁ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ምስሉ እኮ ጥሩ ነበር ልጄ። እኔ በጠመኔ የማልሠራውን ይሠራል። ያስቸገረኝ አለመቆሙ ነው። ልጅ እጁን ሲያወጣ ማቆም ካልቻልኩ ምን መምህር ነኝ?» አሉኝ።

ስለዚያ ጓደኛዬም ጠየቅኳቸው። «ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ልጆቹን ያስተምራል። ስልኩ ላይ የራሱን ቋንቋ ሙዚቃ ጭኖ ነው የሚዞረው» አሉኝ።

ከእሳቸው ተለይቼ ስሄድ ይህንኑ አሰብኩ። ዛሬ ያ ልጅ በኪሱ የያዘው ስልክ ድምፅም፣ ምስልም፣ ካሜራም ነው። ሳተላይት አይጠብቅም፤ ሲፈልጉት ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። የጂንካ ኤፍ ኤም ጣቢያ በአካባቢው ቋንቋዎች ዜናና ዝግጅት ያሰማል፤ ስለዚህ በእነዚህ ቋንቋዎች በማይክሮፎን መናገር የሚችል ሰው የለም አይባልም። ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሙዚየሙና የምርምር ማዕከሉ ከተማይቱን ቁልቁል እያየ ተቀምጧል። መሣሪያው፣ ሰዉ፣ ዕውቀቱ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ አለ። የሚጎድለው መምህሩን መካከል አድርጎ እነዚህን የሚያገናኝ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ነገ አዲስ ስክሪን ለሚገዛው ሹም ሦስት ጥያቄ አለኝ። ማቆሚያው በማን እጅ ነው? ድምፁ የማን ነው? በምስሉ ውስጥስ ማን አለ? ለሦስቱ መልስ ሳይኖረው የግዢ ሰነድ የሚፈርም ከሆነ፣ ያችኑ ላም መልሶ ገዛ ማለት ነው። ደቡብ ኦሞ ደግሞ የከብት አገር ነው። ስለ ላም የሚያውቅ ሕዝብ፣ የማትታለብ ላም ምን እንደምትባል አንድ ቀን ሊነግረን ይችላል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምንሰማው እንጃ እንጂ።